አጥንት ሲጎድል ጥርስ የት ይተከላል?

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ገጽ ከመቀጠልዎ በፊት ምላስዎን ወደ ላይኛው መንጋጋዎ ሰደድ አድርገው ጥርሶችዎን አንድ ባንድ ይቁጠሩ። ጥርሱ ሁሉ የበቀለለት ጎልማሳ 32 ጥርስ አለው፤ ከነዚህም 16ቱ ከላይ፥ 16ቱ ከታች ናቸው። ሁሉም በየቦታቸው ካሉ ደስ ይበልዎት። ነገር ግን ከኋላ በኩል አንዱ ወይም ሁለቱ ጎድለው ምላስዎ ባዶ ድድ ቢያገኝ፥ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚስቅ ነው። የሕክምና ሊቃውንት ግን ጥርስ ለመንጋጋ አጥንት ባዳ ሳይሆን የሥጋ ዘመድ መሆኑን ደርሰውበታል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከሳል። ዛሬ የጠፋውን ጥርስ በሰው ሠራሽ ለመተካት የሚሻ ሰው፥ ከሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ «ጥርሱን ለመትከል አጥንት ጎድሎሃልና አስቀድመን አጥንት እንጨምር» የሚባለው ስለዚህ ነው። ይህን ቃል የሰማ ሰው ይደነግጣል። አጥንት እንደ ጨው ይጨመራልን? ከየትስ ይመጣል? ገንዘቡንና ጊዜውንስ የሚያዋጣ ነውን? እነሆ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ

የጥርስ ሥር የቆመበት አጥንት እንደ ሌላው የሰውነታችን አጥንት አይደለም። የተፈጠረው ለጥርሱ ሲባል ነው፤ ጥርሱ ሲበቅል አብሮ ይበቅላል፥ ጥርሱ እህል ሲያደቅ በሚደርስበት ግፊትም ብርታቱን ይጠብቃል። ጥርሱ የተነቀለ ቀን ግን ሥራ ፈት ይሆናል። ሰውነታችን ደግሞ እንደ ብልህ ባለቤት ሥራ ፈትን በከንቱ አይቀልብም፤ አጥንቱን ቀስ በቀስ አፍርሶ ወደ ደም ይመልሰዋል።

ይህ የሚሆነው ብዙ ሰው ከሚያስበው በፈጠነ ጊዜ ነው። ከተነቀለው ጥርስ ቦታ ላይ ካለው የአጥንት ስፋት ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ከሚጠፋውም አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። እንግዲህ «ጥርሴን ዛሬ ላስነቅል፥ ሌላውን ገንዘብ ሲገኝ ከአምስት ዓመት በኋላ አስባለሁ» የሚል ሰው፥ ሲመለስ የሚጠብቀው ቦታ የተወው ቦታ አይደለም።

በታችኛው መንጋጋ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው። በላይኛው መንጋጋ በስተኋላ በኩል ግን ሌላ ጎረቤት አለ።

ከጉንጭ በስተጀርባ ያለው ባዶ ክፍል

ከዓይን ጉድጓድ በታች፥ ከላይኛው የመንጋጋ ጥርሶች በላይ፥ በአፍንጫ ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ ክፍሎች አሉ። ሳይነስ ይባላሉ። በሙሉ ሰው ላይ እያንዳንዳቸው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ፈሳሽ ሊይዙ ይችላሉ፤ በቀጭን ቀዳዳም ከአፍንጫ ጋር ይገናኛሉ። ጉንፋን ሲይዝዎ ጉንጭዎ የሚከብድዎና የላይ ጥርሶችዎ የሚጠዘጥዙዎ እነዚህ ክፍሎች ስለሚቆጡ ነው።

የኢጣሊያው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1489 የሰውን ራስ ቅል ቆርጦ በሣላቸው ሥዕሎች ላይ ይህን ክፍል አሳይቷል፤ ሥዕሎቹ ግን ለብዙ ዘመን ሳይታተሙ ቀሩ። አጥርቶ የጻፈለት እንግሊዛዊው ሐኪም ናታንኤል ሃይሞር ነው፤ መጽሐፉም የወጣው በ1651 ነው። ሃይሞር ስለ አንዲት በሽተኛ የተረከው ታሪክ አለ። ሴትዮዋ የላይ ክራንቻዋን ብታስነቅል ከቀዳዳው ፈሳሽ መውረዱን አላቆም አለ። ምን ይሆን ብላ የብር ወስፌ ብትሰድድ እስከ መጨረሻው ድረስ ገባ። ከዚያም የላባ እንጨት ላጭታ ብትሰድድ እርሱም ገባ። «እንግዲህ አንጎሌ ድረስ ደርሷል» ብላ በፍርሃት ተውጣ ከሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሃይሞር ግን ላባው በባዶው ክፍል ውስጥ ተጠማዞ መቅረቱን አይቶ፥ ያ ክፍል በሰው ሁሉ ላይ የሚገኝ መሆኑን አስረድቶ አጽናናት።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። በጥርስ ሥርና በዚያ ባዶ ክፍል መካከል ያለው አጥንት እጅግ ስስ ነው፤ በአንዳንድ ሰውም ሥሩ ከክፍሉ ወለል ጋር ይነካካል። የመንጋጋ ጥርሶች ከተነቀሉ ደግሞ ከታች በኩል አጥንቱ ሲመነምን፥ ከላይ በኩል ባዶው ክፍል ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ በድዱና በክፍሉ መካከል የሚቀረው አጥንት ሦስት ወይም አራት ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። አሥር ሚሊሜትር የሚያህል ችንካር በዚህ ላይ ልትከል የሚል ሰው፥ በጣራ ክዳን ላይ ምሰሶ ሊያቆም እንደሚሞክር ነው።

የጥንቸሏ እግር

ችንካር ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህን ለማወቅ ወደ ስዊድን አገር መሻገር ያስፈልጋል።

በ1952 ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ፥ ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር በአጉሊ መነጽር ለማየት ፈልጎ፥ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መሣሪያ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ተከለ። ምርመራውን ጨርሶ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲሞክር አልወጣ አለው። አጥንቱ በብረቱ ዙሪያ በቅሎ አንድ አካል ሆኖ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ቢናደድ ባልተፈረደበት፤ እርሱ ግን ብረቱ ከአጥንት ጋር እንዲህ የሚዋሐድ ከሆነ ሰው ሠራሽ ጥርስን መሸከም ይችላል ብሎ አሰበ።

በ1965 በጎተንበርግ ከተማ፥ ሲወለድ ጀምሮ የመንጋጋው አሠራር የተበላሸ፥ ማኘክ የቸገረው አንድ ሰው ታች መንጋጋው ላይ አራት የቲታኒየም ችንካሮች ተተከሉለት። ያ ሰው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በእነዚያው ሲጠቀም ኖረ። ሆኖም የሙያው ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ ብሮነማርክን አላመኑትም፤ ብረት በአጥንት ውስጥ ሲገባ መግል ማምጣቱ አይቀርም ይሉ ነበርና። ነገሩ የተለወጠው በ1982 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ሥራው ለሰሜን አሜሪካ ሊቃውንት ከነማስረጃው ከቀረበ በኋላ ነው። ብሮነማርክ በ2014 ዐረፈ።

የብሮነማርክ ጥበብ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እርሱም አጥንት ነው። ብረቱ ከአጥንት ጋር እንዲዋሐድ አስቀድሞ አጥንት መኖር አለበት። ብዙ በሽተኛ ደግሞ ጥርስ የሚሻው አጥንቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ወለሉን ከፍ ማድረግ

ለዚህ ችግር መላ ካበጁት አንዱ ሂልት ታተም የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የባዶውን ክፍል ወለል ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት መጨመር ጀመረ፤ በ1976ም በአላባማ ለሙያ ባልደረቦቹ ገለጠላቸው። በ1980 ደግሞ ቦይንና ጄምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከበሽተኛው ዳሌ በተወሰደ አጥንት ይህንኑ ሥራ መሥራታቸውን በጽሑፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ቦታውን በራጅ፥ ይልቁንም በሲቲ ስካን አንሥቶ የአጥንቱን ቁመትና የክፍሉን ጤንነት ይመለከታል። ከዚያም ቦታውን በመርፌ ያደነዝዛል፤ አብዛኛው በሽተኛ መተኛት አያስፈልገውም። ድዱን ከፈት አድርጎ በጉንጭ በኩል ባለው አጥንት ላይ ትንሽ መስኮት ያወጣል። አጥንቱ ሲነሣ ከኋላው የክፍሉን ግድግዳ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ይታያል። ሽፋኑ በጀርመናዊው ሐኪም በሽናይደር ስም ይጠራል፤ ሽናይደር በ1660 ንፍጥ ከአንጎል እንደማይመነጭ ያስረዳ ሰው ነው።

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አይወፍርም። የተቀቀለ እንቁላል ሲልጡ ከልጣጩ ሥር የሚያገኙትን ስስ ገለፈት ያስቡ። ይህን ሥራ የሚማሩ ሐኪሞችም እጃቸውን የሚያለማምዱት በጥሬ እንቁላል ላይ ነው፤ ልጣጩን በመሣሪያ ፍቀው መስኮት ሲያወጡ ገለፈቱ ካልተቀደደ አለፉ ይባላል። ሐኪሙም እንደዚሁ ሽፋኑን ሳይቀድድ ከአጥንቱ ያላቅቅና ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ከሥሩ በተከፈተው ቦታ ላይ የአጥንት ፍርፋሪ ይሞላል፤ ድዱንም መልሶ ይሰፋል።

የቀረው አጥንት አምስት ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀለል ያለ መንገድ አለ። በ1994 ሮበርት ሰመርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ገለጠው፥ መስኮት ሳይወጣ ችንካሩ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ወለሉ ወደ ላይ ይገፋል። ቁስሉም ያነሰ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የተጨመረው ነገር እውነተኛ አጥንት እስኪሆን ከአራት እስከ ዘጠኝ ወር ይጠበቃል። በቂ የራስ አጥንት ላለው ሰው ችንካሩ በዚያው ቀን ሊተከል ይችላል፤ ለሌለው ግን ከወራት በኋላ ነው፤ ከዚያም ችንካሩ እስኪዋሐድ እንደገና ወራት ይቆያል። በጠቅላላው አንድ ዓመት ሊሞላ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራም ይሆናል።

አጥንቱ ከየት ይመጣል?

የአጥንት ምንጭ አራት ነው።

የመጀመሪያው የበሽተኛው የራሱ አጥንት ነው፤ ከአገጭ፥ ከታችኛው መንጋጋ ጥግ ወይም ከዳሌ ይወሰዳል። ሕይወት ያላቸውን ሴሎች ይዞ ስለሚመጣ ሊቃውንት ሌላውን ሁሉ የሚመዝኑት በእርሱ ነው። ጉዳቱ ሁለተኛ ቁስል ማስከተሉ ነው።

ሁለተኛው ከሞተ ለጋሽ ሰው ተወስዶ በልዩ ቤተ ሙከራ የታጠበና የተጣራ አጥንት ነው። ሦስተኛው ከእንስሳ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከከብት የተገኘ ነው፤ ሥጋዊው ክፍል ሁሉ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። አራተኛው በፋብሪካ ከካልሲየምና ከፎስፌት ቅመም የሚሠራ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ራሳቸው ሕያው አጥንት አይደሉም። አናጢ ቤት ሲሠራ እንደሚያቆመው መወጣጫ ናቸው፤ የበሽተኛው የራሱ ሴሎችና የደም ሥሮች በዚያ ላይ እየተንጠላጠሉ አዲስ አጥንት ይሠራሉ። አጥንት ራሱ ሌላ አጥንት እንዲበቅል የሚያዝ ንጥረ ነገር እንዳለው በ1965 ማርሻል ዩሪስት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም አስረድቷል፤ ይህም ግኝት ለዛሬው የአጥንት ሕክምና ትልቅ በር ከፍቷል።

በዚህ ላይ የሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም አዲስ አይደለም። በ1668 የታተመው የሆላንዳዊው ቀዶ ጠጋኝ የያን ቫን ሜከረን መጽሐፍ ስለ አንድ የሩስያ መኳንንት ይተርካል። ሰውየው ራስ ቅሉ ቢጎዳ በውሻ አጥንት ተጠገነ፤ ቢድንም ቤተ ክርስቲያን የእንስሳ አጥንት በራሱ ላይ ስላለ አወገዘችው ይላል። በዛሬው ጊዜም አጥንቱን ለመሸፈን ከሚውሉት ስስ ጨርቆች መካከል ከአሳማ የተሠሩ አሉ። ክርስቲያንም ይሁኑ እስላም፥ ይህ ኅሊናዎን የሚነካ ከሆነ ከሥራው በፊት «የምትጠቀሙበት ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ከሌላ ምንጭ የተሠራ ይገኛልና።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው፥ በሽተኛ ሁሉ ግን የማይነገረው ነገር አለ። በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው ያ ስስ ሽፋን መቀደዱ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ይደፈናል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ትልቅ ከሆነ ግን አስተዋይ ሐኪም ሥራውን አቁሞ ድዱን ይሰፋና ከወራት በኋላ እንደገና ይሞክራል። ሐኪምዎ እንዲህ ቢያደርግ አለማወቁ አይደለም፤ ጨዋነቱ ነው።

ሌላው ክፍሉ መመረዙ፥ የተጨመረው አጥንት ሳይዝ መቅረቱ ወይም ችንካሩ ወደ ባዶው ክፍል መንሸራተቱ ነው። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚደርሱ አይደሉም፤ ነገር ግን ይደርሳሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፥ የስኳር በሽታው ያልተገታ፥ ድዱ የታመመና ያልታከመ፥ እንዲሁም አጥንትን ለማጠንከር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ወይም በመንጋጋው አካባቢ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሌላው ይልቅ አደጋ ላይ ነው። ይህን ለሐኪም መደበቅ ራስን መጉዳት ነው።

ከሥራው በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫን በኀይል መናፈጥ ክልክል ነው፤ ነፋሱ ሽፋኑን ይገፋልና። ማስነጠስ ቢመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው። በሸምበቆ መምጠጥ፥ ከባድ ዕቃ ማንሣት፥ ሲጋራ ማጨስ አይፈቀድም። ቆሎና ክትፎም ለጊዜው በሌላው ወገን ይታኘኩ። በአውሮፕላን መሄድ የሚያስፈልገው ሰውም ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይማከር። ይህ በተለይ ወደ ውጭ አገር ሄደው ለሚታከሙ፥ ወይም ከውጭ ለዕረፍት መጥተው በጥቂት ሳምንት ጨርሰው ለመመለስ ለሚያስቡ ወገኖቻችን ነው። አጥንት የዕረፍት ፈቃድ አይቆጥርም።

የግድ ነውን?

አይደለም። አንባቢ ሆይ፤ ይህን በሚገባ ይያዙልኝ። የጎደለ የመንጋጋ ጥርስ ሁሉ መተካት የለበትም፤ የሚተካውም ሁሉ አጥንት መጨመር አያስፈልገውም።

ከሁሉ በስተኋላ ያለው አንድ ጥርስ ብቻ ከጎደለና ማኘክ ካልቸገረዎ፥ መተው አንድ ምርጫ ነው። በግራና በቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በመካከላቸው ድልድይ መሥራትም ይቻላል፤ ጤነኛ ጥርሶችን መሞረዱ ግን ዋጋ አለው። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁሉ ርካሽ ነው፤ መልመዱ ይቸግራል እንጂ ብዙ ሰው ይገለገልበታል። ከዚህም በላይ ዛሬ ስድስት ወይም ሰባት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ አጫጭር ችንካሮች አሉ፤ በብዙ ሰው ላይ አጥንት መጨመርን ያስቀራሉ።

እንግዲህ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ። የቀረኝ አጥንት ስንት ሚሊሜትር ነው? በምስሉ ላይ ያሳዩኝ። በአጭር ችንካር ወይም በድልድይ ሊሆን አይችልምን? የሚጨመረው አጥንት ከምን የተሠራ ነው? ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ሽፋኑ ቢቀደድ ምን ያደርጋሉ? አጥንቱ ሳይዝ ቢቀር ዳግመኛ የምከፍለው አለን? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ጥርሱ ጭምር፥ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ። ደኅና ሐኪም በጥያቄ አይቆጣም፤ የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ዘንድ ሄዶ ሁለተኛ ምክር መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህ ሁሉ ጥበብ፥ የጥንቸሏ እግርና የእንቁላሉ ገለፈት፥ የከብቱ አጥንትና የዓመቱ ትዕግሥት፥ አንድ የተነቀለ ጥርስ የተወውን ቦታ ለመሙላት ነው። የጥርሱ ጥፋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትንሽ ጥቁር ቀዳዳ ወይም ሲቦርሹ ከድድ በሚወጣ ደም ነው። ቀዳዳው በጊዜው ቢሞላ፥ ድዱም በጊዜው ቢታጠብና ቢጸዳ፥ ከዚህ ጽሑፍ የሚበዛው ክፍል ለእርስዎ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ጥርስዎ ሲያምዎት «ንቀልልኝ» ከማለትዎ በፊት «ሊድን ይችላልን?» ብለው ይጠይቁ። መነቀሉ የግድ ከሆነም በዚያው ቀን «ቦታውን ወደፊት በምን እንተካው? አጥንቱንስ እንዳይመነምን ምን እናድርግ?» ብለው ይጨምሩ፤ ጥርሱ በተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ወዲያው የአጥንት ፍርፋሪ መሙላት የኋላውን ትልቅ ሥራ የሚያቀልበት ጊዜ አለና። ጥርስ ያላቸው ደግሞ በማለዳና በማታ ብሩሻቸውን ወይም መፋቂያቸውን አይርሱ። የመንጋጋ አጥንት ዘመዱን ሲያጣ ይከሳል፤ ዘመዱ ሳይለየው መጠበቅ ግን በእጅዎ ያለ ነገር ነው።